ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ ከዓድዋ ጅረት የተነሣው ምርምር

ዶክተር አክሊሉ ለማ በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሳይንስ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከአንድ አገር በቀል ተክል ጋር ተቆራኝቶ የሚነሣ ተመራማሪ ናቸው። ተክሉ እንዶድ ነው። ፋብሪካ የሠራው ሳሙና ወደ አገራችን ገጠሮች ከመድረሱ ከብዙ ዘመን በፊት ጀምሮ እናቶች የእንዶድን ፍሬ እየለቀሙ፣ እያደረቁና እየወቀጡ ሸማ ሲያነጡበት ኖረዋል። ዶክተር አክሊሉ ይህ የዕለት ተዕለት መገልገያ ቢልሃርዚያ የተባለውን አድካሚ በሽታ የሚያዛምቱ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል በሳይንሳዊ ዘዴ አረጋገጡ። ግኝታቸው በዓለም ዘንድ እንዲታመን ለማድረግም ከ25 ዓመታት በላይ ደከሙ። የሕይወት ታሪካቸው የአንድ ሰው ስኬት ብቻ አይደለም፤ ኅብረተሰቡ ይዞት የቆየ ዕውቀትና የዩኒቨርሲቲ ምርምር ሲገናኙ ምን ሊያፈሩ እንደሚችሉ፣ ከፊታቸውም ምን ዓይነት መሰናክል እንደሚቆም የሚያሳይ ነው።

ትውልድና ትምህርት

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረርጌ ተወለዱ። የልጅነት ጊዜያቸው ኢትዮጵያ ከወረራ ወጥታ ትምህርት ቤቶቿንና የጤና አገልግሎቷን እንደገና በምታቋቁምበት ዘመን ላይ የዋለ ነበር። በዚያ ዘመን በከፍተኛ ትምህርት የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን ቁጥር እጅግ ጥቂት በመሆኑ ተስፋ የሚጣልባቸው ወጣቶች ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር። አክሊሉም ወደ አሜሪካ ተሻግረው በባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤናን ከሚያውኩ ጥገኛ ተሕዋስያን ጋር የተያያዘ ትምህርት ተከታተሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የሳይንስ ዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ።

ትምህርታቸውን እንደፈጸሙ በውጭ አገር መቅረትን አልመረጡም። ወደ አገራቸው ተመልሰው ገና ከተቋቋመ ጥቂት ዓመታት ብቻ በሆነው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው በአብዛኛው የማስተማሪያ ተቋም ነበር። በአገር ውስጥ ችግር ላይ የተመሠረተ የሳይንስ ምርምር ገና በጅምር ላይ በመሆኑ ወጣቱ ተመራማሪ መሣሪያውንም፣ የሰው ኃይሉንም፣ የምርምር ባህሉንም ከመሠረቱ መገንባት ይጠበቅባቸው ነበር።

የዓድዋው ጅረት

ዶክተር አክሊሉ እንደተመለሱ ካተኮሩባቸው ጉዳዮች አንዱ ቢልሃርዚያ ነበር። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይተላለፍም። በበሽታው የተያዘ ሰው በወንዝ ወይም በጅረት አቅራቢያ ሲጸዳዳ የተሕዋሱ እንቁላሎች ወደ ውኃው ይገባሉ። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ረቂቅ ተሕዋስ በውኃው ውስጥ የሚኖር ቀንድ አውጣ ፈልጎ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል፤ በዚያም በብዙ እጥፍ ተራብቶ እንደገና ወደ ውኃው ይወጣል። ከዚያ በኋላ ለመዋኘት፣ ውኃ ለመቅዳት፣ ልብስ ለማጠብ ወይም እርሻ ለማጠጣት ወደ ውኃው የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ወደ ሰውነቱ ይዘልቃል። ሕመሙ ቀስ በቀስ ጉበትንና አንጀትን ይጎዳል፤ ሕፃናትን ከትምህርት፣ አዋቂዎችን ከሥራ ያዘገያል። በመሆኑም በሽታውን ለመግታት ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ ቀንድ አውጣውን መቆጣጠር ነው። በዚያን ጊዜ ለዚህ ተግባር የሚውሉት ኬሚካሎች በውጭ አገር ፋብሪካዎች የሚሠሩና በውጭ ምንዛሪ የሚገዙ በመሆናቸው በሽታው ለሚጸናባቸው ድሃ አገሮች ዋጋቸው የሚቀመስ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ በዓድዋ አካባቢ የቀንድ አውጣዎችን ሥርጭት ለማጥናት ጅረት ለጅረት ይዘዋወሩ ነበር። በአንድ ስፍራ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። ከማጠቢያው ስፍራ ዝቅ ብሎ በሚገኘው የውኃ ክፍል ከሌላው ቦታ ይልቅ በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በውኃው ላይ ተንሳፈው መታየታቸው ትኩረታቸውን ሳበው። ነገሩን እንደ አጋጣሚ አልፈው አልሄዱም። በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ውስጥ አድርገው ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ ጥቂት የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ተኮማትረው ሞቱ።

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እንዶድም እንዲሁ ነበር። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች የተክሉን ኃይል ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የትኛው ፍሬ አረፋው እንደሚበዛ፣ መቼ እንደሚለቀምና እንዴት እንደሚደርቅ ከእናቶቻቸው ተምረዋል። ያልነበረው ይህን ዕውቀት ከበሽታው ጋር አያይዞ የሚጠይቅና የሚለካ ተመራማሪ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ናሙናውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ የደረቀው የእንዶድ ፍሬ ዱቄት በምን ያህል መጠን፣ በስንት ሰዓት ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በቤተ ሙከራ መመርመር ጀመሩ። የመጀመሪያውን ዘገባ እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አወጡ፤ ሰፋ ያለው የቤተ ሙከራና የመስክ ጥናት ውጤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ጤና ድርጅት ቡሌቲን ታተመ።

የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት መመሥረት

ዶክተር አክሊሉ አንድ ግኝት ብቻውን የትም እንደማይደርስ ተገንዝበው ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1966 በዩኒቨርሲቲው የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ለዐሥር ዓመታት ያህልም መሩት። የኢንስቲትዩቱ ዓላማ በኢትዮጵያ ሕዝብ ላይ የሚደርሱ ተላላፊ በሽታዎችን በሽታው ባለበት ስፍራ ማጥናትና ወጣት ተመራማሪዎችን ማፍራት ነበር። ጥናቱ በእንዶድ ብቻ አልተወሰነም። በአሸዋ ዝንብ አማካይነት የሚተላለፈውና ካላዛር በሚል ስም የሚታወቀው በሽታ በአገሪቱ ያለውን ሥርጭት የሚመረምሩ ሥራዎችም በእርሳቸው ተሳትፎ ተካሂደዋል።

በእንዶድ ምርምር የቅርብ ባልደረባቸው የሰብል ሳይንስ ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። ዶክተር ለገሠ ከተለያዩ የአገሪቱ ክፍሎች የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው በማሳ ላይ አወዳደሩ። ዓላማቸው ፍሬው የሚበዛ፣ ኃይሉ የሚበረታና በሽታ የሚቋቋም ዓይነት ማግኘት ነበር። በዚህ ጥረት ዓይነት 44 በሚል መለያ የሚታወቀው እንዶድ ተመረጠ፤ በኋላም በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ለሚካሄዱ ሙከራዎች ዋነኛ ምንጭ ሆነ። የአንዱ ዕውቀት የተሕዋስ፣ የሌላው ዕውቀት የእርሻ በመሆኑ የሁለቱ ትብብር እንዶድን ከጫካ ተክልነት ወደ ሰብልነት የሚያሸጋግር መንገድ ከፈተ።

በተክሉ ፍሬ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ለይቶ ለማወቅ ደግሞ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ከሚገኘው የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር ትብብር ተደረገ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ሳፖኒን የተባለ አረፋ ፈጣሪ ንጥረ ነገር መሆኑ ተረጋገጠ። ከተለዩት ውሑዶች አንዱ በዶክተር አክሊሉ አባት ስም መነሻነት ለማቶክሲን ተብሎ ተሰየመ። ይህ ስያሜ ዛሬም በኬሚስትሪ ጽሑፎች ውስጥ ይገኛል።

የአምስት ዓመቱ የዓድዋ ጥናት

በቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት በሕዝብ ጤና ላይ ለውጥ ያመጣ እንደሆነ የሚታወቀው በመስክ ሲፈተን ነው። በዚህ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በዓድዋ ከተማ ሰፊ ጥናት ተካሄደ። በአካባቢው የተሰበሰበ እንዶድ ተፈጭቶ በጅረቶቹ ላይ በየጊዜው ይጨመር ነበር፤ የነዋሪዎቹ ጤናም በተከታታይ ይመረመር ነበር።

ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ሆነ። ጥናቱ ሲጀመር ከነዋሪው 63 በመቶ የሚሆነው በቢልሃርዚያ የተያዘ ሲሆን በጥናቱ ማብቂያ ይህ ቁጥር ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከሁሉ በላይ ጎልቶ የታየው ግን በትናንሽ ሕፃናት ላይ የተመዘገበው ለውጥ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ የበሽታው መጠን ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ አለ። ትናንሽ ሕፃናት በሽታው ከያዛቸው በቅርብ ጊዜ የያዛቸው በመሆኑ የእነርሱ ቁጥር መቀነስ አዲስ ሰው መያዙ እየተገታ መሄዱን ያመለክታል። ለአንድ ሰው በዓመት የወጣው ወጪም 10 የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ብቻ ነበር።

የዓድዋ ጥናት ትርጉም በቁጥሮቹ ብቻ አይወሰንም። መድኃኒቱ የተገኘው ከዚያው ከአካባቢው ነው፤ አዘገጃጀቱን ነዋሪው አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ሥራውም የውጭ ምንዛሪ አልጠየቀም። አንድ ማኅበረሰብ በገዛ ተክሉና በገዛ ዕውቀቱ ጤናውን ሊጠብቅ እንደሚችል ያሳየ ሙከራ በመሆኑ ከሌሎች በሽታው ካለባቸው አገሮች ተመራማሪዎች ትኩረትን አገኘ።

የማረጋገጫው ረጅም ጉዞ

ከዚህ በኋላ እንዶድ በፍጥነት በሥራ ላይ ይውላል ተብሎ ቢታሰብም እንደዚያ አልሆነም። ዓለም አቀፍ ተቋማትና ለጋሾች አንድን ንጥረ ነገር በሕዝብ የመጠጥ ውኃ ላይ ለመጠቀም ዕውቅና ባላቸው ቤተ ሙከራዎች የተካሄደ የደኅንነት ጥናት እንዲቀርብ ጠየቁ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር። እንዶድ ቀንድ አውጣን ብቻ ሳይሆን ዓሣንም የሚጎዳ በመሆኑ፣ በውኃ ውስጥ ቶሎ ቢበሰብስም፣ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ይሁን እንጂ የተጠየቀው ጥናት የሚፈልገው ገንዘብና መሣሪያ በኢትዮጵያ አልነበረም፤ ይህንን ወጪ ለመሸፈን የተነሣ አካልም ለረጅም ጊዜ አልተገኘም። በፋብሪካ የሚሠራ ኬሚካል የሚያጠናው ኩባንያ አለው፤ ማንም ገበሬ በጓሮው ሊያበቅለው የሚችለው ተክል ግን እንዲህ ያለ ባለቤት አልነበረውም።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያን ለቀው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሳይንስና ቴክኖሎጂ ለልማት ዘርፍ መሥራት ጀመሩ። በኋላም በተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ሥር በጣሊያን ፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት አገለገሉ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ የእንዶድን ጉዳይ አልተዉም። በየስብሰባው ያቀርቡት፣ ከየአገሩ ተመራማሪዎችን ያሰባስቡለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 በዛምቢያ ሉሳካ በእንዶድ ላይ ዓለም አቀፍ ሳይንሳዊ ዐውደ ጥናት ተካሄደ። የካናዳ ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከልም ለዓመታት ሲጠየቅ የቆየው የደኅንነት ጥናት እንዲካሄድ ድጋፍ ሰጠ።

በዚሁ ጊዜ ፕራዚኳንተል የተባለው በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ዋጋው እየቀነሰ፣ ሥርጭቱም እየሰፋ ሄደ። የቢልሃርዚያ መከላከል ሥራ ከቀንድ አውጣ ቁጥጥር ይልቅ በሕክምና ላይ አተኮረ። በዚህ ምክንያት እንዶድ ዶክተር አክሊሉ በተመኙት ስፋት በሥራ ላይ አልዋለም። ቢሆንም መድኃኒቱ የታመመውን ሰው ይፈውሳል እንጂ ውኃውን አያነጻም፤ የታከመ ሰው ወደዚያው ጅረት ሲመለስ እንደገና ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናን፣ የመጸዳጃ ቤት አጠቃቀምን፣ ንጹሕ ውኃንና የቀንድ አውጣ ቁጥጥርን አጣምሮ የመሥራት አስፈላጊነት ዛሬም ያልተዘጋ ጉዳይ ነው።

ሽልማትና ያልተጠበቀው አገልግሎት

የሁለቱ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥረት እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ዕውቅና አገኘ። ዶክተር አክሊሉ ለማና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ በስዊድን የሚሰጠውንና በብዙዎች ዘንድ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። ሽልማቱ የተሰጣቸው በቀላል ዋጋ የሚገኝ የቢልሃርዚያ መከላከያ በማግኘታቸውና ሥራ ላይ እንዲውል ያለመታከት በመታገላቸው ነበር።

በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ለዶክተር አክሊሉ የክብር ዶክትሬት ሰጠ። በዚያን ጊዜ የሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ከሌላ አህጉር በመርከብ በመጣ፣ የሜዳ አህያ የሚመስል ዥንጉርጉር ቅርፊት ባለው የቀንድ አውጣ ዘመድ ተወርረው ነበር። ይህ ፍጡር በውኃ መሳቢያ ቱቦዎች ውስጥ እየተጣበቀ የከተሞችንና የኃይል ማመንጫዎችን የውኃ አቅርቦት ይዘጋ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ችግሩን ሲሰሙ እንዶድ ሊሠራ እንደሚችል ሐሳብ አቀረቡ፤ የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪዎች ሲሞክሩትም ሠራ። በዚህ መሠረት ዩኒቨርሲቲው እ.ኤ.አ. በ1993 በአሜሪካ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ፤ ዶክተር አክሊሉም ከፈጣሪዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ።

ይህ ክንውን ከበድ ያለ ጥያቄ አስነሣ። የዕውቀቱ መነሻ በጅረት ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፤ ተክሉም ከኢትዮጵያ ገበሬዎች ማሳና አጥር የተገኘ ነው። በሌላ አገር የተመዘገበ መብት ጥቅም ቢያስገኝ ለእነዚህ ባለ ዕውቀቶች የሚደርሳቸው ምንድን ነው የሚለው ክርክር ከአገር አልፎ በዓለም መድረክ ተነሣ። እንዶድ እስከ ዛሬ በባህላዊ ዕውቀትና በብዝኃ ሕይወት ሀብት ባለቤትነት ላይ በሚደረግ ውይይት በምሳሌነት ይጠቀሳል።

ለዜጎች የተረፈው ውርስ

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ያቋቋሙት ተቋም በስማቸው ተሰይሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዛሬም ምርምርና የድኅረ ምረቃ ትምህርት ይሰጣል።

የእንዶድ ታሪክ ያስነሣው የባለቤትነት ጥያቄም በሕግ መልስ የሚያገኝበት መንገድ ተከፍቷል። በአዋጅ ቁጥር 482/1998 መሠረት ማንም ሰው የአገሪቱን የጄኔቲክ ሀብት ወይም የማኅበረሰብ ዕውቀት ለምርምር ወይም ለንግድ ለመጠቀም ሲፈልግ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ይኖርበታል። ዕውቀቱ የማኅበረሰብ በሆነ ጊዜ የዚያ ማኅበረሰብ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ከአጠቃቀሙ ከሚገኘው ጥቅምም ማኅበረሰቡ የመካፈል መብት አለው። የአካባቢው ነዋሪዎች በልማዳቸው መሠረት ተክሉን መጠቀማቸውንና እርስ በርስ መለዋወጣቸውን ግን ሕጉ አይከለክልም። ስለ አንድ ተክል ጥቅም የሚያውቁ፣ በአካባቢያቸውም ናሙና የሚሰበስብ ወይም ዕውቀታቸውን የሚጠይቅ ተመራማሪ የመጣባቸው ዜጎች ፈቃዱን እንዲያሳያቸው መጠየቅና የጥናቱን ዓላማ ማወቅ መብታቸው ነው።

የዓድዋዋ ሴት ያንን አረፋ ወደ ዕቃው ስትጨምር ስሟን የመዘገበ አልነበረም። እንዲህ ያለ ዕውቀት ዛሬ ከተጠየቀ ግን የሚሰጠው ማኅበረሰብ በሕግ የታወቀ ባለ መብት ነው። እርሷና መሰሎቿም እንደ ቀድሞው በጅረት ዳር በእንዶድ ሸማቸውን ለማንጻት የማንንም ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልጋቸውም።